ሜሪዳ ወይስ ንግሥቲቱ? «ብሬቭ»ን ከቤተሰብ ጋር አይቶ የመወያያ መመሪያ

ልጆች ካርቱን ያያሉ፤ ወላጆች ከጎናቸው ተቀምጠው ስልካቸውን ያያሉ። ፊልሙ ሲያልቅ እናት ወይም አባት «እሺ፣ ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጆቹ የሚፈለግባቸውን መልስ አሳምረው ያውቁታልና «ወላጅን መታዘዝ!» ብለው ይገላገላሉ። ከዚያ ሁሉም ወደየመኝታው።

እንዲህ የሚያልቅ ምሽት ከሰለቻችሁ፣ ቤተሰቡ አንድ ፊልም አይቶ እያንዳንዱ ሰው የልቡን እንዲናገር ማድረጊያው መንገድ ከዚህ በታች ደረጃ በደረጃ ቀርቧል። ለሥራው የመረጥኩት ፒክሳር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣውን «ብሬቭ»ን ነው። የመረጥኩበት ምክንያት ቀላል ነው፤ በዚህ ፊልም ላይ አያት፣ እናት፣ አባትና ልጅ አንድ ዓይነት አስተያየት ሲኖራቸው አላየሁም።

ታሪኩን ላላያችሁት ባጭሩ። ቦታው የመካከለኛው ዘመን ስኮትላንድ ነው። ሜሪዳ የንጉሥ ፈርገስና የንግሥት ኤልኖር የበኩር ልጅ ናት፤ ፈረስ ጋላቢ፣ ቀስተኛ፣ ቀይ ፀጉሯ የማይገራ። እናቷ የንግሥት ወግ ልታስተምራት ትደክማለች። የሦስት ጎሳ አለቆች ልጆቻቸውን ለእጮኝነት ይዘው ሲመጡ ሜሪዳ በቀስት ውድድር ሦስቱንም ታሸንፋለች፣ ከእናቷ ጋር ክፉኛ ትጣላለች፣ ጫካ ውስጥ ካገኘቻት ጠንቋይ ዘንድ የእናቷን ሐሳብ የሚያስለውጥ ኬክ ታሠራለች። ኬኩ የለወጠው ግን ሐሳቧን ሳይሆን ሰውነቷን ነው፤ ንግሥቲቱ ድብ ትሆናለች። ሁለተኛዋ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ካልተፈታ ድግምቱ እንደጸና ይቀራል።

ደረጃ 1፦ ልጆቹ ሳያዩት እናንተ እዩት

ርዝመቱ 93 ደቂቃ ነው፤ አንድ ማታ ይበቃዋል። ቀድሞ ማየት የሚያስፈልገው ፖስተሩ ላይ የማይታዩ ነገሮች ስላሉ ነው። በአሜሪካ የተሰጠው ደረጃ «ፒጂ» ነው፤ የወላጅ ምክርና ክትትል ይመከራል ማለት ነው።

ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ድቡ ነው። ሞርዱ የሚባለው ግዙፍ ድብ ገና በመክፈቻው ላይ ይመጣና የንጉሡን እግር ይቆርጣል፤ ከዚያም በፈረሰው ግንብ ውስጥና በመጨረሻው ፍልሚያ ይመለሳል። ትንንሽ ልጆችን የበለጠ የሚያስደነግጣቸው ግን ሌላ ትዕይንት ነው፤ ድብ የሆነችው እናት ለአፍታ ሰው መሆኗን ረስታ፣ ዓይኗ ጠቁሮ፣ ወደ ራሷ ልጅ ስትዞር። ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ካላችሁ እዚህ ቦታ ላይ ጭናችሁ ላይ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ጠንቋይዋ ናት። አያት ወይም ሌላ ሃይማኖቱን አጥባቂ ዘመድ አብሮ የሚያይ ከሆነ፣ ፊልሙ መሀል ላይ «ይህን ለልጅ ታሳያላችሁ?» የሚል ጥያቄ ከሚመጣ ቀድማችሁ ብትነግሩ ይሻላል። የምትነግሩትም እውነቱን ነው፦ ጠንቋይ አለች፤ ጥንቆላው መከራ ያመጣል፤ መከራው የሚያበቃውም በሌላ ጥንቆላ አይደለም። ይህን ሰምተው «እኔ አላይም» የሚሉ ካሉ አትከራከሩ። ቡናው ላይ ይገናኛሉ።

ሦስተኛው የጎሳ አለቆቹ የራቁት መቀመጫ ቀልድ ነው። ሰዎቹ ከግንብ ለመውረድ ሽርጣቸውን እንደ ገመድ ይቀጥሉትና ራቁታቸውን ይሄዳሉ። ልጆች በሳቅ ይፈርሳሉ። አያት ፊታቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ፤ ከነጠላው ሥር ግን መሳቃቸው አይቀርም።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን ከቡናው ጋር አስማሙ

እሑድ ከሰዓት በኋላ የተሻለ ነው። ማታ ከሆነ ትንንሾቹ ድቡን ይዘው ይተኛሉ፤ ትልልቆቹ ደግሞ ፊልሙ እንዳለቀ ያንቀላፋሉ፣ ውይይቱም ይቀራል። ለፊልሙም ለወሬውም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል መድቡ።

«ብሬቭ» ዲዝኒ ፕላስ በሚሠራባቸው አገሮች እዚያው ላይ አለ። መስመሩ የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆናችሁና አገልግሎቱ ማውረድ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ቀድማችሁ ታብሌት ወይም ስልክ ላይ አውርዱት። ባትሪውም ሙሉ ይሁን፤ መብራት ከሄደ የቀረውን በታብሌቱ ትጨርሳላችሁ። ፊልሙ መሀል ላይ ተቋርጦ በሚቀጥለው ሳምንት የሚታይ ከሆነ አስተያየት የሚሰጠው ሰው ግማሹን ረስቶ ይመጣል።

ቡናው ፊልሙ ሲያልቅ ይፈላ። መቁላቱና መውቀጡ ፊልሙ መሀል ከገባ ቡና የምታፈላው ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ እናት ወይም ታላቅ እህት፣ ታሪኩን በጀርባዋ ትሰማለች፤ ከዚያ አስተያየቷን ስትጠየቅ «እኔ መች አየሁት» ትላለች። ስለ እናትና ሴት ልጅ በሚያወራ ፊልም ላይ እናቲቱን ወጥ ቤት ማስቀረት ትልቅ ኪሳራ ነው። ቆሎውንና ፈንዲሻውን ቀድማችሁ አዘጋጁ። በውጭ አገር አፓርታማ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ጠዋት መስኮት ከፍታችሁ ቁሉት፤ የጭስ ማንቂያው አንዴ ከጮኸ ውይይቱ ስለ ማንቂያው ይሆናል።

ደረጃ 3፦ አስተርጓሚውን ምረጡ

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ሲሆን ተዋንያኑ የሚናገሩት በስኮትላንድ ቅላጼ ነው። አሜሪካ የተወለደ ልጅ እንኳ አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ያመልጠዋል። ስለዚህ ማንበብ ለሚችሉት የግርጌ ጽሑፉን ክፈቱ፤ እንግሊዝኛ ለማይሰሙት አንድ ሰው መድቡ።

እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት የቤቱን ቀልጣፋ ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ ነው። ልጅቷ የሜሪዳ ደጋፊ ከሆነች ንግሥቲቱ የተናገረችውን ሁሉ «እየጮኸችባት ነው» ብላ ታሳጥረዋለች። አባት ካስተረጎመ ደግሞ ሜሪዳ «ባለጌ» ሆና ትወጣለች። አስተርጓሚው ብዙም የማያዳላ፣ ፊልሙን ቀድሞ ያየ ሰው ይሁን፤ ትዕይንቱ ከመጀመሩ በፊት በሁለት ዐረፍተ ነገር ምን እንደሚሆን ይንገርና ዝም ይበል። ቃል በቃል ልተርጉም ካለ ራሱም አያይም፣ ሌላውንም አያሳይም።

አንድ ቦታ ላይ አትልፉ፦ የማክጋፊን ጎሳ ልጅ ሲናገር። ቀልዱ አጠገቡ ያሉት ስኮትላንዳውያን ራሳቸው አንድ ቃል እንዳይገባቸው ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የሚናገረው በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ የሚነገረውን ዶሪክ የሚባል ዘዬ ነው። አያት «ምን አለ?» ሲሉ «ማንም አልገባውም» ማለት ትክክለኛው ትርጉም ነው።

ደረጃ 4፦ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አቁሙ

ሪሞቱ በአንድ ሰው እጅ ይሁን። እያቆሙ መምከር ፊልሙን ያበላሸዋል፤ ልጁ ከሦስተኛው ምክር በኋላ ጆሮውን ይዘጋል። ግን አንድ ትዕይንት አለ፣ ማቆም የሚገባው።

የሦስቱ ጎሳዎች መምጣት ከተነገረ በኋላ ንግሥት ኤልኖር ለልጇ ልትነግራት የምትፈልገውን ለባሏ ትለማመዳለች። ንጉሡ ድምፁን አቅጥኖ ሜሪዳን ይሆንላታል። በዚያው ሰዓት ሜሪዳ በረት ውስጥ ለፈረሷ ለአንገስ ስሞታዋን ታሰማለች። ካሜራው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ሁለቱ ፊት ለፊት የሚነጋገሩ ያስመስላቸዋል። እናት እኔም በጊዜው ፈርቼ ነበር ትላለች፤ ልጅ ገና አልደረስኩም ትላለች። ሁለቱም ያለ ቁጣ፣ ያለ ስድብ፣ በሚገባ ይናገራሉ። ሰሚው ግን አንዱ ጋ ባል፣ ሌላው ጋ ፈረስ ነው። በእኔ ዓይን ከፊልሙ ሁሉ ምርጡ ይህ ነው፤ ከቀስቱም፣ ከድቡም፣ ከጫካው ሰማያዊ ብርሃኖችም ይበልጥብኛል።

ትዕይንቱ ሲያልቅ አቁሙና «አሁን ማን ለማን እየተናገረ ነው?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁ። መልሱን ሰምታችሁ ቀጥሉ። ማብራሪያ አትጨምሩ፤ ጥያቄው ለኋላ ይጠቅማችኋል።

የመዝጊያው ስም ዝርዝር ሲወጣ አትዝጉት። ከስም ዝርዝሩ በኋላ ከጠንቋይዋ የእንጨት ቅርጻ ቅርጾች ጋር የተያያዘ አጭር ቀልድ አለ፤ ልጆቹ ካመለጣቸው ይቆጫሉ። ያ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ያየውን የሚያሰላስልበት ነው። ጀበናውም እስከዚያ ይጣዳል።

ደረጃ 5፦ ስለ ትዕይንት ጠይቁ፣ ስለ ትምህርት አትጠይቁ

«ምን ተማራችሁ?» እና «ማን ልክ ነው?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ለዛሬ ተዉአቸው። የመጀመሪያው የትምህርት ቤት መልስ ያመጣል፤ ሁለተኛው ቤቱን ሁለት ቦታ ይከፍለውና ሰው ከመናገር ይልቅ መከላከል ይጀምራል።

በእነሱ ፋንታ ዓይን ያየውን ጠይቁ። ለትንሹ «የቱ ጋ ሳቅክ? የቱ ጋ ፈራህ?» ይበቃዋል። መንትዮቹን ሦስት የሜሪዳ ወንድሞች፣ ሀሪስን፣ ሁበርትንና ሀሚሽን፣ ማንሳቱ አይቀርም፤ ኬኩን በልተው ግልገል ድብ ሲሆኑ ያለውን ደስታ ተርኩልኝ በሉት። ከዚህ የተሻለ አስተያየት ከአምስት ዓመት ልጅ አይጠበቅም።

ከፍ ላለችው ልጅ፣ ንግሥቲቱ ድብ ሆና የበላችውን ቁርስ አንሱላት። ዘውዷን እንደደፋች፣ ጭራሮ እንደ ሹካና ቢላ ይዛ፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች። የለቀመችው ፍሬ መርዝ መሆኑን የምትነግራት ልጇ ናት። ከዚያ ሜሪዳ ዓሣ በቀስት ትወጋለች፤ ገበታ ላይ አይቀመጥም የተባለው ቀስት እናትን ያበላል። «እዚህ ጋ ማን ማንን እያስተማረ ነበር?» ብትሏት የምትመልሰው ነገር ስለ ራሳችሁ ቤትም ሊሆን ይችላልና ለመስማት ተዘጋጁ።

ለወንዶቹ ደግሞ ይህን ጠይቁ፦ ሦስቱን ወጣቶች ማን ጠየቃቸው? አዳራሹ ውስጥ ሜሪዳ ለጎሳዎቹ ስትናገር እናቷ ከኋላ ድብ ሆና በእጅ ምልክት ትረዳታለች፤ ልጆቻችን የልባቸውን ይምረጡ የሚለው ሐሳብ ሲነሳ ለእጮኝነት የመጡት ወንዶችም እፎይ ይላሉ። ብዙ ወንድ ልጅ «ይህ የሴት ፊልም ነው» ብሎ ዝም የሚለው እሱን የሚመለከት ጥያቄ ስለማይቀርብለት ነው። በነገራችን ላይ፣ ልጃችሁ «ፊልሙ ውስጥ ያሉት ወንዶች ሁሉ ጅላጅሎች ናቸው» ብሎ ቢያማርር አትገሥጹት። እውነቱን ነው። አለቆቹ ከመደባደብና ከመጮህ ሌላ ብዙ ሥራ አልተሰጣቸውም፤ ይህ የፊልሙ ድክመት ነው፣ ልጁም አይቶታል።

አንድ ጥያቄ ለሁሉም ትሆናለች። ሜሪዳ በንዴት በሰይፍ የቀደደችውን የቤተሰቡን ጥልፍ ድግምቱን ይፈታል ብላ በመርፌ ሰፍታ እናቷ ላይ ታለብሳለች፤ ወዲያው ግን ምንም አይሆንም። እናቷ የምትመለሰው ሜሪዳ አልቅሳ ጥፋቷን ካመነች በኋላ ነው። ድግምቱን የፈታው መርፌው ነው ወይስ እንባው? ትንንሾቹ መርፌው ይላሉ፤ ቡናው እስኪበርድ የሚከራከሩበት ጥያቄ ነው፣ ተዉአቸው ይከራከሩ።

ደረጃ 6፦ ተራውን ገልብጡት

በልማዳችን ትልቅ ሰው ቀድሞ ይናገራል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እየተባለ ባደገ ቤት ውስጥ አያት «ይቺ ስድ!» ካሉ በኋላ የአሥር ዓመት ልጅ «እኔ ግን ወድጃታለሁ» ለማለት ወኔ ያጣል። ስለዚህ ከትንሹ ጀምራችሁ ወደ ትልቁ ውጡ።

ይህ አያትን ማቃለል እንዳይመስል ሥርዓት አለው። ሽምግልና ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ አስቀድሞ አይፈርድም፤ የሁለቱንም ወገን ይሰማና የመጨረሻውን ቃል ይናገራል። አያትንም «እርስዎ ዳኛ ነዎት፤ ሁላችንንም ከሰሙ በኋላ ፍርዱን ይሰጡናል» በሏቸው። ክብሩም ይጨምራል፣ ልጆቹም ይናገራሉ። ቡናው ይህን ተራ ራሱ ይጠብቅላችኋል፦ በአቦል ልጆች፣ በቶና ወላጆች፣ በበረካ አያት። ቡና በማይፈላበት ቤት ሪሞቱን ከእጅ ወደ እጅ አዙሩ፤ የያዘው ይናገራል።

የአያትን ተራ በችኮላ አትለፉት። እናቷን አይተህ ልጇን አግባ የሚለውን አንስተው ንግሥቲቱ ልጇን በወግ ማሳደጓን ያመሰግኑ ይሆናል። ወይም ለራሳቸው ትዳር ሲታጩ ጠይቋቸው የነበረ ሰው እንደሌለ ይናገሩ ይሆናል። ሁለቱንም በአንድ ስኒ ላይ ሊሉ ይችላሉ። አታርሟቸው፣ «ጊዜው ተለውጧል» አትበሏቸው። ልጆቹ ይጠይቋቸው።

ደረጃ 7፦ ወገን አለዋውጡ

ሁሉም የልቡን ከተናገረ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ንጉሥ ፈርገስ ያደረገውን አድርጉ። ሜሪዳን የደገፈችው ልጅ ንግሥቲቱን ሆና ትናገር፤ ንግሥቲቱን የደገፈችው እናት ሜሪዳን ትሁን። ድምፅ ማቅጠን ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ሳቁ ነገሩን ያቀልለዋል።

ይህ ደረጃ የሚሠራው ፊልሙ ለሁለቱም ማስረጃ ስለሚሰጥ ነው። ንግሥቲቱን የምትሆነው ልጅ ጎሳዎቹ ቢጣሉ ጦርነት እንደሚመጣ፣ ንግሥቲቱ ቀስቱን እሳት ውስጥ ከጣለች በኋላ ደንግጣ ማውጣቷን ታነሳለች። ሜሪዳን የምትሆነው እናት ልጅቷ ለእጮኝነት ስትቀርብ ማንም ሐሳቧን እንዳልጠየቃት፣ መተንፈስ በማያስችል ቀሚስ ተጠፍራ መቀመጧን ታነሳለች። ታሪኩን ያፈለቀችው ብሬንዳ ቻፕማን ከራሷ ሴት ልጅ ጋር ካላት ግንኙነት መነሳቷን ተናግራለች፤ ለንግሥቲቱ ይህን ያህል ቦታ የተሰጠው ለዚያ ይመስለኛል።

ስህተቱ ወላጅ የልጁን ድምፅ ለማሾፍ ሲጠቀምበት ነው። ልጅቷ ከሳቀች ቀጥሉ፤ ካቀረቀረች አቁሙ።

ደረጃ 8፦ ነገሩ ሲሞቅ

በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ልጅ ባለችበት ቤት አንድ ዐረፍተ ነገር መምጣቱ አይቀርም፦ «አንቺም እኮ እንደ ኤልኖር ነሽ»። እዚህ ላይ «እኔ ለእናንተ ያላደረግኩት ምን አለ» የሚለው ንግግር ከተጀመረ ውይይቱ አበቃ። መልሱ አንድ ቃል ነው፦ «መቼ?» ልጅቷ አንድ ቀን፣ አንድ ነገር ትጠቅሳለች። ስለዚያ አንድ ነገር ብቻ ተነጋገሩ። ትጥቀስ እንጂ ዛሬውኑ መፈታት የለበትም።

ሌላው የሚሞቀው የጋብቻው ጉዳይ ነው። «እኛ አገርስ እንዲህ ነው?» የሚል ጥያቄ ከልጅ ቢመጣ ሸፍናችሁ አትለፉት። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በአገራችን ዛሬም የሚያጋጥም መሆኑን ለዕድሜያቸው በሚመጥን ቋንቋ ንገሯቸው፤ ሕጉንም ጨምሩ። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላትንና የሁለቱን ተጋቢዎች ነፃ ፈቃድ ይጠይቃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይም ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ እንደሚመሠረት ተጽፏል። ይህን በእጃችሁ ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ ጥያቄው አያስደነግጣችሁም።

ደረጃ 9፦ ጻፉትና ቀጣዩን ምረጡ

አንድ ደብተር ላይ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ቀኑንና ያለውን አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። እንዳለው ይጻፍ፣ አታሳምሩት። ፊልሙን ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ደግማችሁ ስታዩት ደብተሩን አውጡ፤ ለድቡ የጮኸው ልጅ ያኔ ስለ ንግሥቲቱ ያወራ ይሆናል።

የሚቀጥለውን ፊልም ዛሬ ዝም ያለው ሰው ይምረጥ። ምርጫ ከጠፋው ግን «ዎልፍዎከርስ»ን ጠቁሙት። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ፣ በእጅ የተሳለ የአየርላንድ ፊልም ነው፤ ታሪኩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኪልኬኒ ከተማ ይሆናል፣ የሚጋጩትም ሴት ልጅና አባቷ ናቸው። በ«ብሬቭ» ጊዜ ሶፋው ጥግ ላይ ስልኩን ሲነካካ ለነበረው አባት ያ ፊልም ማምለጫ አይሰጠውም። በ«አፕል ቲቪ» ላይ ይገኛል፤ ከ«ብሬቭ» ትንሽ ስለሚረዝም ቡናውን ዘግየት አድርጋችሁ ጣዱት።